ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ጠፍተው የተገኙ የአገር ልጅ



በያመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጀግኖች ብዙ ጽፈዋል። እኔ ግን ዘንድሮ የምጽፈው በጦርና በጎራዴ ስለ ታወቀ ሰው አይደለም። የምጽፈው በሕፃንነታቸው ከአገራቸው ተወስደው፤ በሰው አገር አድገውና ተምረው፤ በሙያቸው አገራቸውን ለመርዳት ደጋግመው ስለ ተመለሱት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። ይህን ታሪክ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱንም በመጨረሻ እገልጸዋለሁ።

እኔ የምኖረው መገናኛ አጠገብ ነው። የሰፈራችንን ስም ትርጉም ማንም ያውቀዋል። ከቦሌ፣ ከኮተቤ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከአራት ኪሎ የሚመጣው መንገድ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ጧት ጧት የታክሲ ረዳቶች እየተጣሩ፣ ሕዝቡ እየተጋፋ፣ ባቡሩ እያለፈ፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይበተናል። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ሲሄዱ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ይገኛል። ግቢው ሰፊና በዛፍ የተሸፈነ ነው፤ መሬቱንም የሰጡት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። በዚህ በር አጠገብ ብዙ ዓመት ስመላለስ፣ የዛሬ መቶ ዓመትና ከዚያም በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በእንግሊዝ ስም ተጠርተው በዚያ ይሠሩ እንደ ነበር አላውቅም ነበር። ባወቅሁ ጊዜ ግን በዚያ በር ሳልፍ ዝም ብዬ ማለፍ ተሳነኝ።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ነው። ዘመኑ የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያንን አስረው በመያዛቸው ጀኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከህንድ ተነሥቶ፣ በቀይ ባሕር በኩል ገብቶ፣ እስከ መቅደላ ዘመተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ። በዚያ ቀን በተፈጠረው ትርምስ ሦስት ዓመት ያለፈው ሕፃን ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለየ። ብቻውን ሆኖ ያገኙት የእንግሊዝ መኮንኖች ይዘውት ሄዱ። እናትና አባት ልጃቸውን በሞት ይሁን በሕይወት ሳያውቁ ቀሩ።

ከመቅደላ የተወሰደው ይህ ሕፃን ብቻ አይደለም። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዷል። ዓለማየሁ ግን አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ አፅሙም እስከ ዛሬ በዊንድሶር ነው። እኔም ዘንድሮ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ተቀመጥሁ። ሁለት ልጆች ከአንድ አምባ ተወሰዱ፤ አንዱ በባዕድ አፈር ቀረ፤ ሁለተኛው ግን ተመለሰ።

ሕፃኑን ወርቅነህን ቻምበርሊን የተባለ መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። ከዚያ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ስለዚህ ልጁ ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶለት ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ተማረ። አማርኛውን ረሳ፤ እናቱ ያወጣችለትንም ስም ረሳ። ያልረሳው ነገር ቢኖር ከሐበሻ አገር የመጣ መሆኑን ብቻ ነበር።

ትምህርቱን ግን እንደ ቀልድ አልያዘውም። ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በላሆር ከተማ የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ገደማ በሐኪምነት ተመረቀ። ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤደንብራ ትምህርቱን አሻሻለ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በነበረችው በበርማ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። እንግዲህ ከአሁን ወዲያ እኚህን ሰው አንቱ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ኢትዮጵያውያን በዘመናዊ ሕክምና መጀመሪያ የሠለጠኑ ሐኪም እያሉ የሚጠሩዋቸው እሳቸውን ነው።

በበርማ ኑሮአቸው የተደላደለ ነበር። ደመወዝ አላቸው፤ ማዕረግ አላቸው፤ ከሥራ ሲወጡም ጡረታ ይጠብቃቸዋል። ሰው ይህን ሁሉ ካገኘ ወዲያ ምን ይፈልጋል ያሰኛል። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል አደረገች፤ ወሬውም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በጋዜጣ ላይ የአገራቸውን ስም ያዩት ዶክተር ማርቲን ልባቸው ተነሣ። ከዚያ ወዲያ የትውልድ አገራቸውን ለማየት ቁርጥ አሳብ አደረጉና ፈቃድ ወስደው በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገቡ።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ የድንኳንና የሣር ቤት ከተማ ነበረች። እንጦጦን ዛሬ የሸፈነው ባሕር ዛፍም ገና መተከል የጀመረበት ዘመን ነበር። ዶክተሩ አፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ንጉሠ ነገሥቱም በደስታ ተቀበሏቸው። ሐኪሙ ግን ከወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። መልካቸው ሐበሻ፣ ልብሳቸውና ቋንቋቸው እንግሊዝ ሆኖ ሕዝቡ በመገረም ይመለከታቸው ነበር። በሽተኛ ሁሉ ወደ እሳቸው ይጎርፍ ጀመር፤ እሳቸውም ድሀውን ከጌታው ሳይለዩ ያክሙ ነበር።

ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ አንዲት አሮጊት ሴት ሰማች። ልጁ የልጅ ልጄ ነው ብላ መጣች። ለማስረጃም ሰነድ ወይም ፎቶግራፍ አልነበራትም። የነበራት ነገር በሕፃኑ ገላ ላይ የነበረው የጠባሳ ምልክት ትዝታ ብቻ ነው። ጠባሳው የት የት እንዳለ ተናገረች፤ ቢታይም እንዳለችው ሆኖ ተገኘ። ስሙም ወርቅነህ መሆኑ፣ አባቱም እሸቴ መባሉ ታወቀ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጠባሳ ከሰው ልብ አልጠፋም ነበር። አንባቢዬ፤ ይህን ቦታ ልብ ብለው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እንደ ተረት ባማረ ነበር። ነገር ግን እውነተኛ ሕይወት እንደዚያ አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ በ1893 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ወደ ኦጋዴን ዘምተው ቁስለኛ ካከሙ በኋላ ወደ በርማ ተመለሱ። የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው ፈቃዱ ሲያልቅ መመለስ ግድ ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚህ ጊዜ የመጡት የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። በፊት የጠቀስሁት፣ ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ የሚገኘው ግቢ ማለት ይህ ነው። አፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ ቀፀላን አግብተው ልጆች የወለዱትም ከዚህ መመለስ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ገና ወደ በርማ ሄዱ። በመጨረሻም ጡረታቸውን ካስከበሩ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ጠቅልለው ገቡ።

ይህን መመላለስ አንዳንድ ሰው እንደ ነቀፋ ሊያየው ይችላል። ለእኔ ግን ከዚህ የተማርሁት ነገር አለ። ወደ አገር መመለስ አንድ ቀን ተጀምሮ አንድ ቀን የሚፈጸም ነገር አይመስለኝም። ሰው በልቡ ቢመለስም እንጀራው፣ ውሉና ቤተሰቡ ወደ ኋላ ይስበዋል። ደግሞም ሐኪም ወርቅነህ በሁለት ወገን የሚጠረጠሩ ሰው ነበሩ። ለአንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የእንግሊዝ ሰው ይመስሉት ነበር፤ ለእንግሊዞቹ ደግሞ ለኢትዮጵያ ያደሉ ሆነው ይታዩአቸው ነበር። በሁለቱ መካከል ቆሞ ሥራ መሥራት ቀላል አይደለም።

ከ1911 ዓ.ም. በኋላ የሠሩትን ሥራ ብዘረዝር ገጹ አይበቃኝም፤ ዋና ዋናውን ብቻ እናገራለሁ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. በስማቸው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን በሚከራከሩበት በልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። መንገድ አሠርተዋል። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ደክመዋል። አማርኛን በሙሉ ሰውነታቸው የተማሩት እሳቸው፣ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። በአስተርጓሚ ይነጋገር የነበረ ሰው ለአገሩ ልጆች የዓለምን ካርታ በአገሩ ቋንቋ አስረዳ ማለት ትንሽ ነገር ነውን? የጂኦግራፊ ትምህርት የሚከብዳችሁ ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን አስቡ።

በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተላኩ። የተላኩበት ጉዳይ በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ ከኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ነበር። በዚያ ጉዞ ሐርለም ወደሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሄደው፣ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ይህ ነገር በጣም የሚያስደንቅ ነው፤ ራሳቸው ተመልሰው አልበቃቸውም፤ ሌላውንም እንመለስ አሉ። የጣናው ግድብ አሳብ በዚያን ጊዜ ሳይፈጸም ቀረ። ከዘጠና ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፎ፣ በሌላ ቦታ፣ በጉባ፣ የዓባይ ግድብ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለዚህም ግድብ በአገር ያለውም በውጭ ያለውም ኢትዮጵያዊ ቦንድ እየገዛ ገንዘቡን አዋጥቷል።

በ1922 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጭኑ በተዘጋጁበት ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ዋና ከተማው ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ ናት። በዚያ የሠሩት ሥራ ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነበር። መንገድ ተጠረገ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ግብር በሥርዓት እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ሠራተኛው ሕዝቡን እየበላ ከሚኖር ይልቅ ደመወዝ እንዲቆረጥለት ሆነ። ለሥራውም የተማሩ ወጣቶችን ሰበሰቡ። ሐኪም ሆኖ አውራጃ መግዛት ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ሥራ ሕመሙን መርምሮ መድኃኒቱን በልክ መስጠት ነው።

ቀጥሎ የምጽፈው ኀዘን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት አልፎታል። በአንድ ወቅት እንደ እንግሊዝ ልጅ ያሳደጋቸው አገር ዋና ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ለኢትዮጵያ ይከራከሩ፣ ርዳታ ይለምኑ፣ የሚያዝን ወዳጅ ይፈልጉ ነበር።

ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት ተምረዋል። እነርሱም እንደ አባታቸው የሰው አገር ምቾት ሳያስቀራቸው ለጦርነቱ አገራቸው ገቡ። ከንጉሠ ነገሥቱ መሰደድ በኋላ የተማሩ ወጣቶችና የጦር ትምህርት ቤት ልጆች ባቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ሆነው፣ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዋጉ። ጦሩ በ1929 ዓ.ም. ተከቦ እጁን ከሰጠ በኋላ በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቃለን። በተለይም የተማረ ወጣት እየተፈለገ ተገደለ። ቢንያምና ዮሴፍም ከተገደሉት መካከል ሆኑ።

እንግዲህ አስቡት። በሦስት ዓመታቸው ወላጆቻቸውን ጦርነት ነጠቃቸው፤ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ልጆቻቸውን ጦርነት ነጠቃቸው። ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የሰማዕታት ሐውልት ባየሁ ቁጥር ቀድሞ የሚታየኝ ጦረኛ ብቻ ነበር። አሁን ግን ያልተሠራ ድልድይ፣ ያልተነደፈ ፋብሪካ፣ ያልታከመ በሽተኛ፣ ያልተማረ ተማሪ ይታየኛል። በዚያን ዘመን አንድ መሐንዲስ ማግኘት እንዴት ብርቅ እንደ ነበር አስቡና፣ በአንድ ሰሞን ስንቱ እንደ ጠፋ ገምቱ።

ሐኪም ወርቅነህ ከሎንዶን ወደ ህንድ ሄደው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ አገራችን ነፃ በወጣች በማግሥቱ፣ በ1934 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ልጆቻቸው ወደሞቱባት አገር፣ በሰማንያ ዓመት ዋዜማ፣ ዳግመኛ ተመለሱ። ይቀራሉ ቢባል ማን ይፈርድባቸው ነበር? እሳቸው ግን ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው በገዛ አገራቸው ዐረፉ።

መጀመሪያ ላይ ምክንያቴን እገልጻለሁ ብዬ ነበር። አሁን ጊዜው ነው።

እኔ አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ። ሐኪም ነው። ተመርቆ በገጠር ጥቂት ከሠራ በኋላ የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ ውጭ አገር ሄደ። የሄደው ተደብቆ አይደለም፤ ነገር ግን ቤታችን በእርሱ መሄድ አልተስማማም ነበር። አባቴ ይህች አገር እንጀራዋን አብልታ ያስተማረችህ ለዚህ ነውን ብሎ ተቆጣ። ወንድሜም መድኃኒትና መሣሪያ በሌለበት፣ ደመወዙም ለቤት ኪራይ በማይበቃበት ቦታ እጄን አጣጥፌ ሰው ሲሞት ከማይ ብሎ መለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ በበዓል ስልክ ሲደወል እናቴ ታነጋግረዋለች፤ እኔም አነጋግረዋለሁ፤ አባቴ ግን ያን ጊዜ ሥራ አይጠፋውም። በግድግዳ ላይ ያለው የወንድሜ የምረቃ ፎቶግራፍ ግን ከቦታው አልተነሣም። ባለፈው ፋሲካ አቧራው ተጠርጎ አየሁት፤ የጠረገችው እናቴ ናት ብዬ ብጠይቃት አይደለሁም አለችኝ።

እኔም ዘንድሮ የመጨረሻ ፈተና እወስዳለሁ። ሕክምና ለመማር እመኛለሁ። ሰው ሁሉ አንተም ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ እያለ ይጠይቀኛል። ይህን ታሪክ ከማንበቤ በፊት መልሱ ከሁለት አንዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የሚሄድ ከዳተኛ፣ የሚቀር አርበኛ። አሁን ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሐኪም ወርቅነህ ሳይፈልጉ ሄዱ፤ ወድደው መጡ፤ ግድ ሆኖባቸው እንደ ገና ሄዱ፤ ደግመው መጡ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሙያቸውን ፍሬ ለአገራቸው ከመስጠት አልተቈጠቡም። ዛሬም በውጭ አገር ከሚኖሩት ሐኪሞቻችን በየጊዜው እየመጡ የሚያክሙ፣ የሚያስተምሩና መሣሪያ የሚያመጡ አሉ። ከናካቴው ጠቅልለው የገቡም አሉ። ይህ ማለት ግን መሄድ ምንም ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ሐኪም በሄደ ቁጥር በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደጅ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ። ወንድሜም ይህን የሚያውቀው ይመስለኛል፤ በስልክ ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለዚያ ወረዳ ነውና።

ሆኖም ተመላሽ ብቻውን አይመለስም። ሐኪም ወርቅነህን አገራቸው እንዲገቡ ያደረገው የእሳቸው ፍላጎት ብቻ አልነበረም። ደግፎ ሥራ የሰጣቸው መንግሥት ነበረ። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ የጠባሳውን ቦታ ያልረሳች አንዲት አሮጊት ነበረች። እሷ ባትኖር ዶክተር ማርቲን የሚባሉ እንግዳ መጥተው፣ ጥቂት አክመው፣ በክብር ይሸኙ ነበር። ወርቅነህ የሚባል ሰው ግን አይገኝም ነበር።

ይህ መጽሔት ለወላጆችም ስለሚደርስ አባቴ ያነበዋል። ስለዚህ ይህን ለእርሱ እጽፋለሁ። አባዬ፤ ወንድሜ በልጅነቱ ከየካ ተራራ እንጨት ስንለቅም ወድቆ ጉልበቱ ላይ የቀረውን ጠባሳ አንተ ታውቀዋለህ፤ ተሸክመህ ያወረድኸው አንተ ነህና። በሚመጣው በዓል ስልኩ ሲደወል እባክህ አንተ አንሣው። ምን ጊዜ ትመለሳለህ ብለህ አትጠይቀው፤ ጉልበትህ እንዴት ነው በለው። የቀረውን እርሱ ራሱ ይጨርሰዋል።

እናንተም ጓደኞቼ፤ በሚመጣው ዓመት አንዳንዶቻችን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችንም ወደ ሌላ አገር እንሄዳለን። የትም ብንሄድ ቋንቋችንን፣ ስማችንንና ለማን እንደምንማር አንርሳ። የምንቀረውም የሄዱትን አንርሳ። ሰፈራችን መገናኛ የተባለው ሰው ሁሉ ስለማይለያይበት አይደለም፤ ከየትም ቢመጣ የሚገናኝበት ስፍራ ስለሆነ ነው።

ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ለልጆቻቸው ለቢንያምና ለዮሴፍ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። አሜን።